የከስተር ካውንቲ የጓል ቤቶች



ነገሬን ከአንድ ፎቶግራፍ ልጀምር። ዘመኑ 1880ዎቹ ነው፤ ዛሬ ማታ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ቦታው አሜሪካ፣ ነብራስካ በሚባለው ግዛት እምብርት ላይ ያለው ከስተር ካውንቲ ነው። ከብት በቆመበት ደረቅ ግቢ መሃል አንድ ኦርጋን ተገትሯል። በእግር እየተረገጠ የሚነፋ፣ የከተማ ሳሎን ጌጥ የሆነ፣ እንጨቱ በጥንቃቄ የተቀረጸ ኦርጋን ነው። የሒልተን ቤተሰብ የክት ልብሱን ለብሶ ዙሪያውን ቆሟል። ከኋላ የሚታየው ሜዳና ሰማይ ብቻ ነው።

ኦርጋኑ ከብቶች መሃል ምን ይሠራል? የቤቱ እመቤት በምሥራቅ አሜሪካ ለቀሩት ወዳጅ ዘመዶቿ ኦርጋን እንዳላት ማሳየት ፈልጋለች። የምትኖርበት ቤት ከአፈር የተሠራ መሆኑን እንዲያዩባት ግን አልፈለገችም። ስለዚህ ያ ከባድ ዕቃ በሰው ጉልበት ከቤት ወጣ፤ ፎቶው ተነሣ፤ ኦርጋኑም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብሁ ቀን ለብቻዬ ሳቅሁ። እናቴም ያደረገችው ይህንኑ ነበርና። ፎቶ አንሺ ቤታችን የተጠራ ዕለት የጭቃውን ግድግዳ በነጭ አንሶላ ጋርዳ እኛን ልጆቹን ከፊቱ ደረደረችን። ፎቶው ዛሬም አለኝ፤ እኛም አለን። ቤቱ ግን ፎቶው ላይም የለም፣ መሬቱም ላይ የለም።

ስለ ከስተር ካውንቲ ልናገር የመጣሁት ስለዚያ ዓይነት ቤት ነው። ማን ሠራው፣ ለምን እንደዚያ ተሠራ፣ ሰዎቹስ ወዴት ሄዱ።

ካውንቲ ማለት ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ የራሱ ፍርድ ቤት፣ የራሱ ሸሪፍ፣ የራሱ የመሬት መዝገብ አለው። በሥልጣን ረገድ ወደ እኛ ወረዳ ይጠጋል። በስፋት ግን ከስተር 6,670 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በ1877 ተቋቋመ። ስሙን የወሰደው ከአንድ ዓመት በፊት በሊትል ቢግሆርን ጦርነት በላኮታና በሻይን ተዋጊዎች እጅ ከወደቀው ከጄኔራል ጆርጅ አርምስትሮንግ ከስተር ነው። ነባሮቹን ሕዝቦች ሲወጋ የሞተን ሰው ስም ነባሮቹ ሕዝቦች ያድኑበት በነበረ መሬት ላይ መለጠፍ ራሱን የቻለ መግለጫ ነው፤ እኔ አልጨምርበትም።

የአካባቢው ዋና ባለቤቶች ፓውኒዎች ነበሩ። በሉፕና በፕላት ወንዞች ዳር በቆሎ የሚዘሩ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎሽ ፍለጋ ወደ ምዕራብ የሚወጡ ሕዝቦች ናቸው። ቤታቸው ክብ ነው፤ በወፍራም ምሰሶዎች ይቆማል፣ በላዩ ሣር ይነጠፋል፣ ከዚያ አፈር ይለብሳል። አንዱ ቤት ብዙ ቤተሰብ ይይዛል። በ1857 ውል አብዛኛውን መሬታቸውን ለመንግሥት ለቀቁ፤ በ1870ዎቹ አጋማሽም ዛሬ ኦክላሆማ ወደምትባለው ምድር ተወሰዱ። በዚያ አገር ከአፈር መኖሪያ መሥራትን ያመጡት ሰፋሪዎቹ ናቸው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። በ1862 አብርሃም ሊንከን የሆምስቴድ ሕግን ፈረመ። ዕድሜው 21 የሞላ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ፣ ዜጋ የሆነ ወይም ለመሆን ያመለከተ፣ በመንግሥት ላይ ጦር ያላነሣ ሰው 160 ኤከር መሬት መርጦ ይይዛል። ቤት ይሠራበታል፣ ያርሰዋል፣ አምስት ዓመት ይኖርበታል። ከዚያ ሁለት ምስክር አቁሞ የባለቤትነት ወረቀቱን ይቀበላል። ለመዝገብ ቤት የሚከፍለው በጠቅላላው 18 ዶላር ገደማ ነው። 160 ኤከር 65 ሄክታር ያህል ነው፤ በአባቶቻችን ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ቀን፣ ጥር 1 ቀን 1863፣ መሬት ካስመዘገቡት አንዱ ዳንኤል ፍሪማን የሚባል ሰው ነው፤ የመረጠውም እዚያው ነብራስካ ውስጥ ነበር። በመጨረሻ ሲቆጠር ከነብራስካ መሬት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በዚህ ሕግ የተሰጠ ሆኖ ተገኘ።

የዚህን ሕግ መልክ ለመረዳት ቀላድ የሚለውን ቃል አስቡ። የእኛ ቀላድ ገመድ ነው። የእነሱ ቀላድ 66 ጫማ የሆነ የብረት ሰንሰለት ነበር። ቀያሾቹ ያንን ሰንሰለት እየጎተቱ ምድሪቱን እንደ ዳማ ሰሌዳ ከፋፈሏት። አንዱ ካሬ በእያንዳንዱ ጎኑ አንድ ማይል ነው፤ 640 ኤከር ይወጣዋል። ለአራት ሲከፈል 160። ወንዝ ይሁን ገደል፣ አሸዋ ይሁን ጥቁር አፈር፣ መስመሩ ዝም ብሎ ያልፋል። መሬቱን አይቶ ያልተሰመረ መስመር ነው።

ሕጉ «ኑርበት» ስለሚል ሰው በመንደር ተሰባስቦ መኖር አልቻለም። ከጀርመን ወይም ከቦሄሚያ የመጣው ገበሬ አገሩ ሳለ ቤቱ መንደር ውስጥ፣ እርሻው ከመንደር ውጭ ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በየራሱ ካሬ ላይ ብቻውን ተተከለ። ቡና ጠጡ ተብሎ ቢጣሩ ድምፅ አይደርስም። በየቤቱ ደብዳቤ የጻፉ ሴቶች ስለ ድርቅና ስለ አንበጣ ከጻፉት ያላነሰ ስለ ዝምታው ጽፈዋል። በእኔ ግምት ስለ አሜሪካ ገጠር ብዙ ነገር፣ ብቸኝነቱም፣ በኋላ የሕዝቡ መመናመንም፣ የሚጀምረው ከዚህ አሰፋፈር ነው።

ሰፋሪው ሲደርስ ደግሞ መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከቴክሳስ ብዙ ሺህ ከብት የነዱ ከብት አርቢዎች ቀድመውት ነበር። በ1878 ፕሪንት ኦሊቭ የሚባል ትልቅ ከብት አርቢ ወንድሙ በተኩስ ልውውጥ ተገደለበት። ገዳዮቹ ሉተር ሚቼልና አሚ ኬቸም የሚባሉ ሁለት ሰፋሪዎች ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች በሕግ ጥበቃ ሥር ሆነው እየተጓዙ ሳለ ለኦሊቭ ተላልፈው ተሰጡ፤ ተሰቀሉ፤ ሬሳቸውም ተቃጥሎ ተገኘ። ኦሊቭ በሌላ ካውንቲ ተከሶ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ጉዳዩ መታየት ያለበት ወንጀሉ በተፈጸመበት ካውንቲ ነው ብሎ ፍርዱን ሻረው። ከስተር ውስጥ ችሎቱ ሲቀመጥ የሚመሰክር አልቀረበም፤ ሰውዬው ወጣ። ይሁንና ዘመኑ የከብት አርቢ መሆኑ እያበቃ ነበር።

በ1880 ቆጠራ የካውንቲው ሕዝብ 2,211 ነበር። በ1890 ቆጠራ 21,677 ሆነ። በአሥር ዓመት አሥር እጥፍ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው ከመጣበት ዕለት ጀምሮ ቤት ይፈልጋል።

እንጨት ግን የለም። ከስተር ካውንቲ ማለት ዓይን እስኪደክም ሣር ነው፤ በየገደሉ ስርቻ ጥቂት ጥድ፣ በየጅረቱ ዳር ጥቂት አኻያ ቢገኝ ነው። ሳንቃ መግዛት የፈለገ ብዙ ቀን በጋሪ ተጉዞ ከባቡር ጣቢያ ማምጣት አለበት፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ሰፋሪው ያለው አንድ ነገር ነው፤ እግሩ ሥር ያለው መሬት።

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋልና። ገበሬ ሲያርስ የሚፈነቅለውን የአፈር ቁራጭ እኛ ጓል እንለዋለን። እነሱ ሶድ ይሉታል፤ ቤቱን ደግሞ ሶዲ። የነብራስካ ጓል ተራ አፈር አይደለም። ታርሶ የማያውቀው የሣር ምድር ሥሩን ለብዙ ሺህ ዓመት ሲፈትል ኖሯል፤ አፈሩ እንደ ምንጣፍ ተሸምኗል። ማረሻ ሲገባበት ድምፁ ጨርቅ እንደሚቀደድ ነው ይባላል። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ልዩ ማረሻ ነበር፤ አፈሩን ሳይሰብር 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ረጅም ጥብጣብ ይገለብጠዋል። ሰውዬው በአካፋ እየቆረጠ ክንድ ተኩል ያህል ርዝመት ያላቸው ቁራጮች ያወጣል። አንዷ ቁራጭ ከ20 ኪሎ ትበልጣለች።

የሚቆረጠው በዚያው ቀን የሚደረደረውን ያህል ብቻ ነው፤ ካደረ ይደርቅና ይፈረፈራል። ሲደረደር ሣሩ ወደ ታች ይሆናል። መጋጠሚያው እንደ ጡብ እየተዛነቀ፣ በየሦስት በየአራት ረድፉም ቁራጮቹ አግድም እየተነጠፉ ግንቡ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ይደረጋል። ግድግዳው ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ለበርና ለመስኮት ከሳንቃ የተሠራ ሣጥን ይገባል። ከሣጥኑ በላይ ግን ክፍተት ይተዋል፤ ግድግዳው እየቆየ ስለሚሰጥም ክፍተት ከሌለ መስታወቱ ይሰበራል። አንድ ክፍል ብቻ ላለው፣ አምስት ሜትር በስድስት ለሆነ ቤት ሰፊ መሬት ቆዳው ይገፈፋል። ሰዎቹ ራሳቸው እየቀለዱ የነብራስካ እብነ በረድ ይሉት ነበር።

የእኛን ጭቃ ቤት ለምታውቁ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የእኛው አጥንቱ እንጨት ነው፤ ጭቃና ጭዱ ሥጋው ነው። የሶዲ አጥንት የሣሩ ሥር ነው። ሥሩ ሲበሰብስ ቤቱ ያልቃል። ሳይንከባከቡት ከተዉት ስድስት ሰባት ዓመት ይበቃዋል። ሕጉ የሚጠይቀው የመኖሪያ ዘመን አምስት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ፤ ብዙው ሰው ቤቱን የሠራው ወረቀቱ እስኪወጣ እንዲያቆየው ነበር።

ውስጡ በበጋ ቀዝቃዛ፣ በክረምት ሞቃት ነው። ሜዳውን እሳት ሲበላው ሶዲው አይነድም። በጥር 12 ቀን 1888 ያ ብዙ የትምህርት ቤት ልጆች የሞቱበት የበረዶ ማዕበል በመጣ ጊዜ ወፍራም ግድግዳ ያለው ሰው ዕድለኛ ነበር። ማገዶው ኩበት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና የተጠቀለለ ድርቆሽ ነው። ኩበትን በእጅ መልቀም ያሸማቀቃቸው የምሥራቅ ከተማ ሴቶች በመጀመሪያው ክረምት እንደለመዱት ይነገራል፤ ብርድ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ጣሪያው ግን ጣጣ ነበር። ከላይም ጓል ነው የተጫነው። ዝናብ ሲመጣ ያፈሳል፤ ውጭ አባርቶም ውስጥ ማንጠባጠቡ አያቆምም። ዣንጥላ ይዛ ወጥ የምታማስል ሴት ተረት አይደለችም። በደረቅ ወራት ደግሞ አቧራው ይወርዳል፤ አይጥና እባብም አብሮ ይወርዳል። ለዚህ መድኃኒቱ አቡጀዲ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ዳር እስከ ዳር ይወጠራል፣ የሚወርደውን ሁሉ ይይዛል። ግድግዳውን በአካፋ ፍቀው በሸክላ አፈርና በአመድ ይለስኑታል፤ ያልቻለ ጋዜጣ ይለጥፍበታል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ ደፍ ይወጣዋል፤ ደፉ ላይ ሴቶቹ በቆርቆሮ ጣሳ አበባ ይተክላሉ። በዘመኑ ፎቶዎች ውስጥ ያንን ጣሳ ፈልጉ፤ ታገኙታላችሁ።

ሁሉም ጎጆ ነበር ማለቴ አይደለም። የቤልጅየም ተወላጁ ኢዛዶር ሆሞንት በ1880ዎቹ አጋማሽ እዚያው ከስተር ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ ሶዲ አቁሟል። ማዕዘኖቹ እንደ ግንብ ክብ ሆነው የተሠሩ፣ ለሚያየው የአውሮፓን ትዝታ የሚያመጣ ቤት ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምናውቀው በአንድ በእርሻ ባልቀናው ሰው ምክንያት ነው። ሰለሞን ቡቸር በ1880 ከአባቱ ጋር ከኢሊኖይ መጣ። መሬት ያዘ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቢሞክረው አልሆነለትምና ተወው። ሕክምና ሊማር ሚኒያፖሊስ ገባ፤ ያንንም አልጨረሰም። አግብቶ ተመለሰ፤ አስተማሪ ሆነ፤ ፎቶ ቤት ከፈተ። ፎቶ ቤቱ ራሱ አፈር ወለል ነበረው። በ1886 አንድ ሐሳብ መጣለት፦ የከስተር ካውንቲን ሰፋሪዎች ታሪክ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ በፎቶ ልሰብስብ አለ። ጋሪውን ጭኖ በየካሬው ዞረ። ሰዎች እንደ እብድ አዩት፤ እሱ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ከ1,000 በላይ ፎቶ በመስታወት ላይ አነሣ።

በ1899 ቤቱ ተቃጠለ፤ የሰበሰበው የሰዎቹ ታሪክ ጽሑፍ አብሮ ነደደ። መስታወቶቹ ግን ጎተራ ውስጥ ተቀምጠው ስለነበር ተረፉ። ታሪኩን እንደገና ለቅሞ በአንድ ባለጸጋ ከብት አርቢ ገንዘብ መጽሐፉን በ1901 አሳተመ። ዛሬ ስብስቡ በነብራስካ ግዛት የታሪክ ማኅበር ይገኛል፤ ከ3,000 በላይ መስታወት ነው። ቡቸር ጻድቅ ምስክር አልነበረም። አንድ መስታወቱ ተበላሽቶ ነጭ ምልክት ሲወጣበት ምልክቱን ቧጥጦ ቱርክ ዶሮ እንዳደረገው ይነገርለታል። ለባለቤቶቹ ግን አንድ ነገር አድርጓል፤ የወደዱትን ከቤት እንዲያወጡ ፈቅዷል። ፈረሱ፣ ውሻው፣ የልብስ መስፊያ መኪናው ሁሉ በረድፍ ይቆማል። የሮውዲንግ ቤተሰብ በ1886 ከቤቱ ፊት ጠረጴዛ ዘርግቶ ሐብሐብ አቅርቧል፤ ቤቱ ጉብታ ተቆፍሮ የተሠራ ስለሆነ ከኋላቸው አንዲት ላም ጣሪያው ላይ የቆመች ትመስላለች። እነዚህን ፎቶዎች የድህነት ማስረጃ አድርገው የሚያሳዩ አሉ። እኔ ግን የንብረት ቆጠራ ሆነው ይታዩኛል፤ ሰው «ይህን ይህን አለኝ» ሲል።

ከሁሉም አንዱን ልምረጥ ብባል በ1887 ዌስተርቪል አጠገብ የተነሣውን የሾርስ ቤተሰብ እመርጣለሁ። ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከጓል ቤታቸው ፊት ተቀምጠዋል፤ ሌንሱን ቀጥ ብለው ያዩታል። አባወራው ጄሪ ሾርስ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። በአቅራቢያው ሞሰስ ስፒስና ሄንሪ ዌብ የሚባሉ ሁለት ሰፋሪዎች ይኖሩ ነበር። ሾርስ፣ ስፒስ፣ ዌብ። ሦስቱ ወንድማማቾች ናቸው። እያንዳንዱ የያዘው የቀድሞ ጌታውን ስም ስለነበር የአንድ እናት ልጆች በመሬት መዝገቡ ላይ ባዕድ ለባዕድ ሆነው ሰፈሩ። አሜሪካ በባርነት ያደረገችውን ለማስረዳት መጽሐፍ ሙሉ ያስፈልጋል ይባላል፤ ለእኔ እነዚህ ሦስት ስሞች ጎን ለጎን መቀመጣቸው በቂ ነው። ያው መዝገብ ግን መሬቱን ለእያንዳንዳቸው በስማቸው አስፍሯል። በደቡብ ግዛቶች በዚያ ዘመን ለአብዛኛው ጥቁር ገበሬ ይህ የሩቅ ሕልም ነበር።

የስፒስ ልጆች በ1908 ወደ ዋዮሚንግ አልፈው ኢምፓየር የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ከመሠረቱት ውስጥ ናቸው። በ1904 የወጣው የኪንኬድ ሕግ ድርሻውን ወደ 640 ኤከር ካሳደገ በኋላም ከከስተር ሰሜን ምዕራብ፣ ቼሪ ካውንቲ ውስጥ ዴዊቲ የሚባል ሌላ የጥቁር ሰፋሪዎች ማኅበር ቆመ። እዚያም ቤቱ ጓል ነበር። አሸዋማው መሬት አልያዛቸውም፤ ልጆቹም ለትምህርትና ለሥራ ወጥተው ቀሩ።

ሕጉ ሴቶችንም አላገለለም። የክሪስማን አራት እኅትማማቾች በ1886 ከአንድ የጓል ቤት ፊት ቆመው ተነሥተዋል። ዕድሜያቸው 21 ሲሞላ አንድ በአንድ በየስማቸው መሬት አስመዘገቡ። ለመጨረሻዋ ለሩት ግን አልደረሰም፤ ተራዋ ሲደርስ ነፃ መሬቱ አልቆ ነበር።

በ1886 ባቡር ብሮክን ቦው ገባ። ብሮክን ቦው የካውንቲው ዋና ከተማ ናት፤ ትርጉሙ የተሰበረ ቀስት ነው። ለፖስታ ቤቱ ያመለከታቸው ስሞች ሁሉ እየተመለሱ ያስቸገሩት አንድ ቀጥቃጭ በቀድሞ የነባሮቹ ሕዝቦች ሰፈር የተገኘ የተሰበረ ቀስት አይቶ ይህን ላከ፤ ጸደቀለት። ባቡሩ ያመጣው መጀመሪያ ሳንቃ፣ ምስማርና መስታወት ነበር። አቅም ያገኘ ሁሉ ከሶዲው አጠገብ የእንጨት ቤት አቆመ። እኛ ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ስንሻገር የነበረውን ስሜት ለምታስታውሱ ማብራራት አያሻኝም። ሶዲው የዶሮ ቤት፣ የድንች ማኖሪያ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ወደ ወጣበት መሬት ገባ።

ሕዝቡስ? በ1890ዎቹ ድርቅ መታው፤ በ1900 ቆጠራ ወደ 19,758 ወረደ። ዝናቡ ሲመለስ ሰውም ተመለሰ፤ በ1920 ቆጠራ 26,407 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያንን ቁጥር አላየውም። በ1940፣ ከታላቁ ድርቅና ከኢኮኖሚው ውድቀት በኋላ፣ 22,591። በ1970፣ 14,092። በ2020፣ 10,545። በመቶ ዓመት ውስጥ ከአምስት ሰው ሦስቱ የለም። በካሬ ኪሎ ሜትር ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አገሩ ጠፋ፣ መሬቱ ጦም አደረ ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ከስተር ዛሬም ከብትና በቆሎ በብዛት የሚያመርት ካውንቲ ነው። ጦም ያደረው መሬቱ ሳይሆን ቤቱ ነው። 100ኛው የምዕራብ ኬንትሮስ የካውንቲውን ምዕራባዊ ጫፍ ያቋርጠዋል፤ እርጥቡ ምሥራቅና ደረቁ ምዕራብ የሚለያዩበት መስመር ሲሉት የኖሩት እሱን ነው። 160 ኤከር በኢሊኖይ ዝናብ ቤተሰብ ያበላል። በከስተር ዝናብ በአንዱ ዓመት ያበላል፣ በሌላው ያስርባል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የምሥራቁን ዝናብ ይዘው ምዕራቡን ሸነሸኑ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ሁሉ ያንን ስሌት ማረም ነው፤ ያረመውም ጎረቤት የጎረቤቱን መሬት እየገዛ ነው። ትራክተር መጣ፣ መስኖ መጣ፤ የነብራስካ አማካይ እርሻ ዛሬ ወደ 1,000 ኤከር ይጠጋል። ስድስት ቤተሰብ ይይዘው የነበረውን አንድ ቤተሰብ ይዞታል። አምስቱ ቤት ፈረሰ፤ ከአምስቱ ቤት ልጆች ጋር አንድ ክፍል የነበራት ትምህርት ቤት ተዘጋች፤ ሱቁ ተከተለ። ሰው እንደ ጨው በየካሬው ተበትኖ ስለነበር፣ ሲቀንስ ተሰባስቦ የሚቀር መንደር አልነበረውም።

በአውሮፕላን በነብራስካ ላይ ያለፈ ሰው ከላይ አረንጓዴ ክቦች ያያል፤ እንደ ሰዓት ዘንግ እየዞረ የሚያጠጣ መስኖ ነው። እያንዳንዱ ክብ በካሬ ውስጥ ተቀምጧል። ካሬው 160 ኤከር ነው። ቤቱም ባለቤቱም ሄዶ የሊንከን ዘመን ቀላድ እስካሁን ከሰማይ ይነበባል።

ከሺዎቹ ሶዲዎች አንዱ ግን ቆሟል። ኮምስቶክ ከምትባል፣ ጥቂት ሰው ከቀረባት መንደር አጠገብ፣ ዊሊያም ዳውስ በ1900 የሠራው ቤት ነው። ቤተሰቡ እስከ 1959 ኖረበት፤ ሰው ወደ ጠፈር ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ከጓል ቤት ወጡ ማለት ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ባዶ ቆየ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዘመዶቹና የአካባቢው ሰዎች ጠገኑት። ዛሬ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ጎብኚ ይገባበታል። ለስድሳ ዓመት የቆየው ሰው ስለኖረበት ነው፤ በየዓመቱ ስንጥቁን የሚደፍን እጅ ነበረው።

የሒልተን እመቤት ያፈረችበት ቤት ዛሬ ቢኖር ኖሮ በዚያው መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር። አልቀረም፤ ምስሉም አልቀረም። የሾርስ ቤትም አልቀረም። ጄሪ ሾርስን ግን በስሙ እንጠራዋለን፣ የት እንደኖረ፣ ወንድሞቹ እነማን እንደሆኑ እናውቃለን። ቡቸር ሰዎቹን ሲያነሣ ቤታቸውን አብሮ አንሥቶ፣ ማን እንደሆኑና የት እንደሆነ ስለመዘገበ ነው።

ከመካከላችሁ የወላጆቹን ወይም የአያቶቹን ቤት ፎቶ የያዘ አለ? ዛሬ ስትገቡ ከአልበሙ አውጡት። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ቦታውን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የቆሙትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉበት። ስሙን የሚያስታውሱት እናቶች በሕይወት ሳሉ።